ዛንዚባር ለጫጉላ ከአዲስ አበባ፦ የሄዳችሁ እስቲ አስረዱን

ሙሽራው_ገርጂ፦
ሰላም ቤቶች። ሠርጋችን ጥር ላይ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። ለጫጉላ ዛንዚባር እንሂድ ብለን ተስማምተናል። ቤተሰብ ዱባይ ይሻላል ይላል፤ እኛን ግን ያማረን ባሕር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ ለፈረንጅ የተጻፈ ነው። ከቦሌ ተነስቶ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ፣ ብር ቆጥሮ ለሚሄድ ሰው የሚናገር አጣሁ። ቪዛው እንዴት ነው? የት አካባቢ እንረፍ? ገንዘብ በምን እንያዝ? ደግሞ እጮኛዬ ዋና አትችልም፣ እኔም ከሶደሬ ገንዳ ያለፈ ልምድ የለኝም። የነነዌ ጾምም እዚያ ሳለን ሊገባብን ይችላል። የምታውቁ ጣል አድርጉልን።

አቦል_ቡና፦
እንኳን ደስ ያላችሁ! ሲሸልስን ለምን አታዩትም? ቪዛ የለም፣ በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ብቻ ነው። ከቦሌም በረራ አለ።

ቲኬት_ቤት፦
ሲሸልስ ለኛ ፓስፖርት ቪዛ አይጠይቅም፣ እውነት ነው። ግን በቪዛ ያተረፍከውን በሁለት እራት ትከፍለዋለህ። ብር ቆጥሮ ለሚሄድ ዛንዚባር ይሻላል። ሥራዬ ትኬት ስለሆነ ስለ ወረቀቱ ልናገር፣ የባሕሩን ነገር ሌሎች ይሙሉበት።

በመጀመሪያ ቪዛ። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ስለሆነች ቪዛው የታንዛኒያ ነው። ተራው የጎብኚ ቪዛ 50 ዶላር ነው፣ በኢንተርኔት ይሞላል። ፈረንጆቹ "እዚያው ስትደርስ ትወስዳለህ" ሲሉ ሰምተህ እንዳትሸወድ። ታንዛኒያ ፓስፖርቶችን በምድብ ትለያለች፤ አንዳንዱ ምድብ አየር ማረፊያ ላይ ቪዛ አያገኝም፣ ማመልከቻውም ተመርምሮ እስኪፈቀድ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የፓስፖርትህን ምድብ የኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ላይ እይና ከሠርጉ ግርግር በፊት፣ ብዙ ሳምንት ቀደም ብለህ አመልክት። የማይመለስ ትኬት ቪዛው ሳይወጣ አትግዛ። ደግሞ አድራሻውን አጣራ። መንግሥታዊው በ"ጎ ዶት ቲዜድ" ነው የሚያልቀው። እሱን መስለው የተሠሩ ድርብ የሚያስከፍሉ ገጾች ሞልተዋል።

ሁለተኛ ቢጫ ካርድ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ከቦሌ የሚነሳ ሰው ይጠየቃል። ክትባቱ ከመግባትህ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ቀድሞ የተከተባችሁ ከሆነ አሮጌውን ካርድ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዕድሜ ልክ ነው የሚሠራው፣ የድሮው የ10 ዓመት ገደብ ቀርቷል። ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል አንድ መሆኑን ግን እዩ። የኛ ሰው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ አንዱ ጋ አንድ "ኤ"፣ ሌላው ጋ ሁለት።

ሦስተኛ ብዙ ሰው የማያውቀው ኢንሹራንሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ ሁሉ የዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽንን የጉዞ ዋስትና መግዛት አለበት። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ለ92 ቀን ያገለግላል። ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ብትል አይሰሙህም። እዚሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ክፈሉና የሚላክላችሁን ወረቀት ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ለሁለት ሰው 88 ዶላር መሆኑን በጀቱ ላይ ካሁኑ ጻፈው።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ስለ ቢጫ ካርዱ ለዲያስፖራ ልጨምር። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለን ሰዎች ቪዛውን እዚያው ማግኘት እንችላለን፤ ግን ለኛ 100 ዶላር ነው፣ ባለ ብዙ ጊዜ መግቢያ ስለሆነ። ብዙዎቻችን "እኔ ከአሜሪካ ነው የምመጣው" ብለን ቢጫ ካርዱን እንዘነጋለን። አዲስ አበባ ወርደህ ቤተሰብ ጋ ከሰነበትክ፣ ወይም ቦሌ ላይ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየህ፣ ከኢትዮጵያ እንደመጣህ ነው የሚቆጠረው። ለእናቴ ሰላም ብዬ ልለፍ የሚል ሁሉ ክትባቱን ይውሰድ።

የዳሬሰላሙ፦
ልጆቼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እኔ ዳሬሰላም ለሥራ ረዘም ያለ ጊዜ ኖሬያለሁ፣ ዛንዚባርም የእረፍት ቦታችን ነበረች። የት እንረፍ ላልከው መልሱን የሚሰጥህ ሆቴሉ ሳይሆን ባሕሩ ነው። ሰዎች ሆቴሉን በፎቶ ይመርጡና ከባሕሩ ጋር ሳይስማሙ ይቀራሉ።

እኛ ያደግነው ሐይቅ እያየን ነው። ጣና ዛሬም ነገም እዚያው ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ አካባቢ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል፤ በመካከሉ ባሉት ቀኖች ይረጋል።

በምሥራቁ ዳርቻ ማለትም ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ፣ ማቴምዌ ባሉት መንደሮች ባሕሩ ዝርግ ነው። ውሃው ሲሸሽ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ይሄዳል። ጠዋት ሰማያዊ ውሃ ያየህበት ቦታ ከሰዓት በኋላ አሸዋና ኩሬ ነው። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመው ታገኛቸዋለህ። የጃምቢያኒ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደዚያ ይወርዳሉ። በአሸዋው ላይ ችካል ተተክሎ፣ በችካሎቹ መሃል ገመድ ተወጥሮ፣ በገመዱ ላይ የባሕር አረም ታስሮ ታያለህ። እርሻቸው ነው። ያጭዱታል፣ በጆንያ ተሸክመው ያወጡታል፣ ግቢያቸው ያሰጡታል፣ ለውጭ ገበያ ይሸጣል። እኔ ይህን ማየት ከመዋኘት በላይ ደስ ይለኝ ነበር። ለመዋኘት የሄደ ሙሽራ ግን ይናደዳል፣ አልፈርድበትም። ፎቶ ከማንሳትህ በፊት አስፈቅድ፣ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ሰሜኑ ሌላ ነው። ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ባሕሩ ቶሎ ስለሚጠልቅ ውሃው ያን ያህል አይሸሽም። ኬንድዋ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዋኛል። ስለዚህ ሆቴል ከመያዝህ በፊት "ዛንዚባር የባሕር ሙላት" ብለህ የምትሄዱባቸውን ቀኖች ሰንጠረዥ ፈልግ፣ በነጻ ይገኛል።

ሙሽራው_ገርጂ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እውነቱን ልንገርዎትና ፓጄ ላይ አንድ ሆቴል ልከፍል ጫፍ ደርሼ ነበር፣ ፎቶው አማልሎኝ። ዋና ለማትችል ሰው ግን ዝርጉ ባሕር አይሻልም?

የዳሬሰላሙ፦
ሲሞላ ወገብ ድረስ የሚመጣ ረጋ ያለ ውሃ አለው፣ ልክ ነህ። ሲሸሽ ግን ተከትላችሁ ሩቅ አትሂዱ። ሲመለስ በቦዩ በኩል ከኋላችሁ ቀድሞ ይሞላል። ደግሞ በዚያ ኩሬ ውስጥ ጃርት የመሰለ ጥቁር እሾሃም የባሕር ፍጥረት አለ። በባዶ እግር ከረገጣችሁት ጫጉላው በመርፌ ለቀማ ያልቃል። የጎማ የውሃ ጫማ ግዙ፣ እዚያም ይሸጣል።

ማሂ_ሲኤምሲ፦
እኔ ከጋሼ ጋር በአንዱ አልስማማም። ኑንግዊ ውሃው ቆንጆ ነው፣ ሰውና ጫጫታው ግን ሌላ ነው። ማታ ሙዚቃ፣ ቀን ደላላ። ፓጄም ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ነፋስ ስላለው በገመድ ካይት ይዘው የሚንሸራተቱት ይሞሉታል። ፀጥታ ፈልጋችሁ ዋናም ከፈለጋችሁ ኬንድዋ ያዙ።

ደግሞ ሁሉንም ቀን ባሕር ላይ አትጨርሱ። መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ስቶን ታውን እደሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ አሮጌ ከተማ ነው። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ነው፤ የተቀረጹ በሮቹ ላይ የነሐስ ጉጦች ተተክለውባቸዋል። ካርታ አውጥታችሁ አትጨነቁ፣ ጥፉበት፣ ትንሽ ስለሆነ ዞሮ ዞሮ ባሕሩ ጋ ያወጣችኋል። የድሮው የባሪያ ገበያ የነበረበትን ቦታና ላዩ ላይ የተሠራውን የአንግሊካን ካቴድራል እዩ። ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ለጫጉላ ከባድ ነው ትሉ ይሆናል፣ ግን ሳያዩ መመለስ ያሳፍራል። "የተአምራት ቤት" የሚሉት ቤተ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከፊሉ ፈርሷል። በድሮ ፎቶ እንዳያችሁት አትጠብቁት።

አመሻሽ ላይ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ምግብ ይሸጣል። ፋኖስ ተለኩሶ፣ ዓሣና ኦክቶፐስ በስንጥር ተሰክቶ ይደረደራል። ዋጋውን ሳትጠይቁ እንዳታነሱ! የሸንኮራ ጭማቂው በዝንጅብልና በሎሚ ይጨመቃል፤ እሱን አትለፉት።

አለባበስ፦ ከተማው ሙስሊም ነው። ባሕር ዳር የፈለጋችሁትን ልበሱ፣ ከተማና መንደር ውስጥ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ለኛ ነጠላ ጣል ማድረግ ምን ያስቸግራል?

አቦል_ቡና፦
ደላላው እንዴት ነው? መርካቶን የቻለ ይችለዋል?

ማሂ_ሲኤምሲ፦
ሃሃ፣ ይችለዋል። "ፓፓሲ" ይሏቸዋል። "ጃምቦ" ብለው ይጀምሩና ወንድምህ ይሆናሉ፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ቅመም፣ ከዚያ የአጎታቸው ሱቅ። ፈገግ ብላችሁ "አሳንቴ" (አመሰግናለሁ) በሉና ሳትቆሙ እለፉ። ከቆማችሁ አለቀላችሁ። የጀልባ ጉዞ በሆቴላችሁ ወይም ቢሮ ባለው አስጎብኚ በኩል ያዙ። ባሕር ዳር ላገኛችሁት ሰው ቀብድ አትስጡ።

የናዝሬት_ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ሆቴል ታወራላችሁ፣ ስለ ትራንስፖርት ማንም አላነሳም። ከአየር ማረፊያ ኑንግዊ በታክሲ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ዋጋውም የሚያም ነው። ሆቴሉ መኪና እንዲልክ ዋጋውን ቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ለመዞር ደግሞ ዳላዳላ አለ፣ የነሱ ሚኒባስ ማለት ነው፤ አንዳንዱ ከኋላው በእንጨት የተሠራ ጭነት መኪና ነው። ቁጥር አለው፤ 116 ብሎ የተጻፈበት ኑንግዊ ይሄዳል። ታክሲው ከሚጠይቀው ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም ማለት ነው። ሻንጣው ከላይ ይጫናል፣ ዶሮም አብሮህ ይሄዳል። እኔ ወድጄዋለሁ።

መኪና መከራየት ያሰበ ካለ፦ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ የዛንዚባር ፈቃድ በክፍያ ይወጣል፣ አከራዩ ያወጣልሃል። በየመንገዱ ፖሊስ ያስቆማል፣ ወረቀቱን ይጠይቃል። ለሙሽራ አልመክርም።

ማሂ_ሲኤምሲ፦
ሙሽሪትን በሠርጓ ማግስት ከዶሮ ጋር?

የናዝሬት_ልጅ፦
ከዶሮ ጋር ያልተሳፈረ ትዳር አይጸናም።

ዱባይ_ያለሁ፦
ከዱባይ ለምንነሳ ሰዎች ቀጥታ በረራ አለ፣ ፍላይ ዱባይ ይበራል። ከዶሃም የኳታር አየር መንገድ አለ። አሠሪ ጋ የምትሠሩ እህቶች ግን የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ስትመለሱ የሚያስገባ መሆኑን ሳታረጋግጡ እንዳትወጡ። ደግሞ የምትሄዱበትን አገር ቪዛ የሚወስነው የያዛችሁት ፓስፖርት ነው፣ የዱባይ ኢቃማ አይደለም።

ቲኬት_ቤት፦
ልክ ነሽ። ስለ ገንዘብ የቀረውን ልጨርስ። ዶላሩን በሕጋዊ መንገድ ከባንክ ግዛ፤ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘህ ነው የምትሄደው። ባንኩ እንደደረስክ ይሰጥሃል ብለህ አታስብ፣ ቀደም ብለህ ጠይቅ። ዶላሩን አዲስ ኖት አድርገህ ጠይቃቸው። ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር እዚያ አይቀበሉህም፤ የተጣጠፈም ፊት ያስቆጣል። እዚያ ስትደርስ ለዕለት ወጪ ወደ ሺሊንግ መንዝር። አንድ ዶላር በ2,500 ሺሊንግ ዙሪያ ሲወጣና ሲወርድ ነው የቆየው፣ ስለዚህ ዋጋ ሲነግሩህ ዜሮው አያስደንግጥህ። ትንንሽ መንደር ውስጥ ኤቲኤም አትጠብቅ፣ ስቶን ታውን ላይ ጨርስ። ሆቴሉ በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት ለመንግሥት የሚሰበስባት ታክስ አለች፤ ክፍሉን ስትይዝ "ተካቷል ወይ?" በል።

ሁለት ትንንሽ ነገር፦ ሶኬታቸው ባለ ሦስት እግር የእንግሊዝ ነው፣ የኛ ቻርጀር አይገባም፣ አዳፕተር ያዙ። ፌስታል ደግሞ አትያዙ፣ ክልክል ነው። ጫማ በፌስታል ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት የኛ ልማድ ስለሆነ ነው የማነሳው።

ወለተ_ማርያም፦
ስለ ጾሙ የመለሰልህ ስለሌለ እኔ ልመልስ። ጾመኛ እዚያ አይራብም። ምግባቸው የሚሠራው በኮኮናት ወተት ነው። ባቄላ የመሰለ ቀይ አደንጓሬ በኮኮናት ተቀቅሎ በሩዝ ይቀርባል፣ "ማሃራጌ" ይሉታል። ቻፓቲ አለ፣ ጎመን የመሰለ "ምቺቻ" አለ፣ ካሳቫና ሙዝ ጥብስ አለ። "ኡሮጆ" የሚባል በማንጎና በድንች የሚሠራ ጎምዛዛ ሾርባም አለ፤ አንዳንዱ ሥጋ ይጨምርበታል፣ ጠይቁ። ቻፓቲውም ቅቤ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በዘይት ነው። ፍራፍሬውማ አይወራም።

የሙስሊሞቹን ጾምም አክብሩ። በዚህ ሰሞን ረመዳን በየካቲት አካባቢ ነው የሚገባው። ጉዟችሁ ከገፋ ሊገጥም ይችላል። ያኔ ቀን ቀን ከሆቴል ውጭ ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ነው፣ መንገድ ላይ መብላትና መጠጣትም ነውር ነው።

አቦል_ቡና፦
ዓሣው ታዲያ? ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም?

ወለተ_ማርያም፦
የነፍስ አባትህን ጠይቅ።

የናዝሬት_ልጅ፦
ይበላል እንጂ! እኛ ሰፈር...

አወያይ፦
የዓሣው ክርክር ባለፈው የከፈትነው ክር ላይ መቶ መልስ ደርሶ ተዘግቷል። እዚህ አንጀምረው።

የዳሬሰላሙ፦
ስለ ሰዓት አንድ ነገር ላንሳ፤ ፈረንጅ የሚደናገርበት፣ እኛ የምንኮራበት። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ አንድ ሰዓት ይላሉ። የጊዜ ቀጠናውም ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ስለሆነ ሰዓታችሁን አትነኩም። ጀልባ ነጂው በቋንቋው "ሳ ታቱ" ካላችሁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ያለ ምንም ሒሳብ። ችግሩ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ነው። አንዳንዱ ለቱሪስት ብሎ ወደ ፈረንጅ ይለውጠዋል፣ አንዳንዱ የራሱን ሰዓት በእንግሊዝኛ ይናገራል። ስለዚህ "ከቁርስ በፊት ነው በኋላ?" ብላችሁ አረጋግጡ። ጀልባ የሚነሳው ባሕሩ ሲሞላ ስለሆነ አንዴ ካመለጣችሁ ቀኑ አለፈ ማለት ነው።

ዋና ለማትችለው ሙሽራ ደግሞ፦ ምኔምባ ደሴት ዙሪያ ኮራልና ዓሣ ለማየት ጀልባ ስትይዙ፣ ላይፍ ጃኬት በቁጥራችሁ መኖሩን ከመሳፈራችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ጃኬት ለብሳ መነጽሩን አድርጋ ፊቷን ውሃው ላይ ካደረገች መዋኘት አያስፈልጋትም፣ ከላይ ሆና ታያለች። "ጃኬቱ እዚያ ይሰጣችኋል" ካሏችሁ አትሳፈሩ። ኪዚምካዚ ዶልፊን ለማየት የሚሄደውን እኔ አልወደውም፤ ብዙ ጀልባ ተሰብስቦ እንስሶቹን ያሳድዳል። በሱ ፋንታ ጆዛኒ ጫካ ሂዱ። በዓለም ላይ ዛንዚባር ብቻ ያለውን ቀይ ጉሬዛ ታያላችሁ።

ማሂ_ሲኤምሲ፦
የቅመም እርሻውንም አትርሱ። ቅርንፉድ ዛፍ ላይ፣ ሄል ከሥሩ፣ እርድ ከመሬት ሲወጣ፣ ቀረፋ ከግንዱ ሲላጥ ታያላችሁ። አስጎብኚው ቅጠል እያሸተተ "ይህ ምንድን ነው?" ሲል ፈረንጆቹ ይጨነቃሉ፣ እናንተ ትመልሳላችሁ። እርሻው በር ላይ ያለው ሱቅ ግን ውድ ነው። ቅመሙን ዳራጃኒ ገበያ ግዙ።

ሙሽራው_ገርጂ፦
ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ፓጄን ሰርዣለሁ። ስቶን ታውን ጀምረን ወደ ኬንድዋ እንሄዳለን። የሙላቱን ሰንጠረዥ አይቼ ቀኑንም በሁለት ቀን ገፋሁት፤ እጮኛዬ "ሠርጌን በጨረቃ ልታስቆጥር ነው?" ብላ ስቃብኛለች። ሁለት ነገር ቀረኝ። ወባ አለ? ዛጎልስ ማምጣት ይቻላል? እናቷ ታዝዛለች።

ቲኬት_ቤት፦
ወባ ከዋናው ምድር በጣም ያነሰ ነው፣ ግን የለም አይባልም። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ አጎበሩን ማታ አውርዱ፣ የትንኝ ቅባት ያዙ። ቧንቧ ውሃ አትጠጡ። ዛጎል፣ ኮራልና የኤሊ ልባስ የሚያስይዝ ነገር ነው፣ አየር ማረፊያ ላይ ፍተሻ አለ። ለእናቷ ካንጋ ግዙላት፣ ጽሑፍ ያለበትን ጥለት ጨርቅ። ገዝታችሁ የተረፈ ሺሊንግ ካለ እዚያው መንዝሩት፣ ቦሌ ከደረሰ የሚቀበልህ አታገኝም።

የናዝሬት_ልጅ፦
ካንጋው ላይ ምን እንደተጻፈ ሻጯን ጠይቅ። አማት ነው የምትሰጠው።